ረጅሙ እጀታ

ጋራዣችን ግድግዳ ላይ አንድ ብረት ተሰቅሏል። ከእኔ ቁመት የሚያንሰው በትንሹ ነው። አዲስ ደንበኛ ሁሉ የመጣበትን ሞተር ረስቶ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ እሱ ነው። አንዱ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የጀልባ መቅዘፊያ ነው?» ይላል። ሌላው «የሌባ መምቻ ነው እንዴ?» ይላል። የእኔም አፍ አያርፍም፤ «ወሬ የሚያበዛ ደንበኛ መምቻ ነው» እላለሁ። ይስቃሉ፣ እስቃለሁ፣ ወደ ሥራችን እንገባለን።

ባለፈው ሰሞን ግን አንድ ጎረምሳ ሾፌር፣ መኪናውን ሠርቼለት ስጨርስ፣ ደግ ነገር የተናገረ መስሎት «እህቴ፣ ይሄን ነገር ለምን ከመሃሉ አታስቆርጪውም? ግማሹ ትርፍ እኮ ነው። መቁረጫ መኪናው ውስጥ አለኝ፣ ባንድ አፍታ ልገላግልሽ» አለኝ። ልጁ አልዋሸም፣ ግማሹ ትርፍ ነው። በሩን ስከፍት ይመታኛል፣ መኪና ስር ይዤው ለመግባት ስታገል ያማርረኛል። ቢሆንም «ነክተኸው እንዳላይ!» ብዬ ጮህኩበት። እኔው ራሴ በድምፄ ደነገጥኩ። ልጁ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ቁልፉን ተቀብሎኝ ሄደ። ለእሱ ያልነገርኩትን ልንገራችሁ።

ብረቱን የሠራው አባቴ ነው። ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ያን ዓመት አባቴን ዐይኑን ማየት ያስጠላኝ ጊዜ ነበር። አባቴ እየሞተ ነበር። እናቴ ታውቃለች፣ አጎቴ ያውቃል፣ ዳቦ የሚያከፋፍለው ሾፌር ደንበኛችን እንኳ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ልጅ አይደለሁ፣ ማን ይነግረኛል?

ቤታችን ከጋራዡ ጀርባ ነው፤ አንድ በር ብቻ ነው የሚለያቸው። ምግብ ስንበላ የተቃጠለ ዘይት ይሸተናል፣ አባባ ሞተር ሲያስነሳ ብርጭቆዎቻችን መደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ያን ሰሞን ደግሞ ዕቃ ከአባባ እጅ መውደቅ ጀመረ። ቁልፍ ይይዛል፣ ጠብ! «አመለጠ! ያዢው ሚጣ!» ይለኛል። እኔ መኪና ስር ተንፏቅቄ አወጣለታለሁ። እንደገና ጠብ! እንደገና «አመለጠ!»። ሆን ብሎ የሚያጫውተኝ ነበር የሚመስለኝ። ሆዴን እስኪያመኝ እስቅ ነበር፤ እሱም አብሮኝ ይስቃል። እማ ብቻ አትስቅም፤ ጨዋታ አይገባትም ብዬ አዝንላት ነበር።

ነገሩ የጀመረው በልብስ ሜትር ነው። አባባ አንድ ቀን ከጎረቤታችን ከልብስ ሰፊዋ ሜትር ተውሶ መጣ። እማ በረንዳው ላይ ልብስ እያጠበች ነበር።

«አንቺ ሴት፣ እስኪ ክንድሽን ዘርጊ።»

«ምን ልትሆን ነው ደግሞ? እጄ አረፋ ነው።»

«ዘርጊ አልኩሽ እኮ።»

ከትከሻዋ እስከ አንጓዋ ለካ። መዳፏን ለካ። ከክርኗ እስከ መሬት ለካ። የለካውን በጠመኔ በሩ ላይ ይጽፋል፤ ጠመኔውም ከእጁ እየወደቀ እኔ አነሳለታለሁ። የገባኝ መሰለኝ። አባባ ዞር ሲል ወደ እማ ጆሮ ተጠግቼ «ቀሚስ ሊያሰፋልሽ ነው! ቀይ ይሁን በይው፣ ቀይ ያምርብሻል» አልኳት። እማ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲያው ፊቷን ወደ ሳፋው መለሰችና «ሳሙናው ዐይኔ ገባ» አለች።

ቀሚሱን ስጠብቅ ብረት መጣ።

እዚህ ላይ ስለ ሥራው ትንሽ ካልተናገርኩ ነገሩ አይገባችሁም። የሞተሩ ራስ፣ እኛ ቴስታታ የምንለው፣ ውስጡ ቫልቭ የሚባሉ እንጉዳይ የሚመስሉ ብረቶች አሉት። እያንዳንዱ ቫልቭ በጠንካራ ሞላ ተወጥሮ ነው የሚቀመጠው። ሞላው እንዳይፈናጠር የሚይዙት ደግሞ ጥፍር የሚያህሉ ሁለት ግማሽ ቀለበቶች ናቸው። እኔ «መንታዎቹ» ነበር የምላቸው፤ ስሙ እስከ ዛሬ ጋራዣችን ውስጥ ቀርቷል። መንታዎቹን ለማውጣትም ሆነ ለማስገባት ሞላውን ቁልቁል ጨፍልቆ መያዝ የግድ ነው። አባባ ደህና ሳለ በደረቱ ተጭኖ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ያለ ምንም መሣሪያ ይሠራው ነበር። ገበያ ላይ የሚሸጠውን የሞላ መጨፍለቂያ እማ ሞክራው አንጓዋ አብጦ ነበር።

ስለዚህ አባባ ለእማ የሚሆን ሊሠራ ተነሳ። ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ጎማው በላይ ከሚደረደረው ጠፍጣፋ ብረት፣ ቆርጦ ዘንግ አደረገው። አንዱን ጫፍ ቴስታታው ላይ የሚይዝ መንጠቆ አበጀለት። ከመንጠቆው ራቅ አድርጎ አጭር ቱቦ በየደ፤ ቱቦው ሞላው አናት ላይ ይቀመጣል፣ ጎንና ጎኑ ላይ ጣት የሚያሳልፍ መስኮት አለው። ዘንጉን ቁልቁል ስትጫኑት ሞላው ይጨፈለቃል፣ የጎኑ ጥርስ ቀጭ ብሎ ይይዘዋል፣ ሁለቱም እጃችሁ ነጻ ይሆናል። ይቺ ጥርስ የአባባ የራሱ ፈጠራ ናት። ሞርሳው ላይ አስሮ ሲሞርዳት ውሎ ሲያድር ትከሻው ላይ የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል፤ አፉን አሹሎ ያፏጫል።

ከዚያ ወንበር አምጥቶ ጋራዡ መሃል ተቀመጠ። እማን የራሱን ቱታ አለበሳት፤ እጅጌውን አጥፋ አጥፋ አሁንም መዳፏ ላይ ይመጣባታል። «ፍቺ» ይላታል፤ ትፈታለች። «ግጠሚ» ይላታል፤ ትገጥማለች። «ይቺኛዋ ሞላ ተገልብጣለች፣ ፍቺና ድገሚ።» ትደግማለች። ዘይት ፊቷ ላይ፣ ጸጉሯ ላይ። መንታዎቹ ከጣቷ ተፈናጥረው የጠፉ እንደሆነ በጉልበቷ እየዳኸች ትፈልጋለች፤ እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እያለ ይስቅባታል። እሷም «አንተ ባለ ዙፋን፣ ዝም ብለህ ንገሥ» ትለዋለች። እኔ ግን ደሜ ይፈላ ነበር። ሰው እንዴት ተቀምጦ ሚስቱን ያሠራል? እኔን «እግርሽን አንሺና ውሃ አምጪልኝ» የሚል አባት፣ ራሱ ለምን እግሩን አያነሳም?

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ልትወስድ መጥታ በር ላይ ቆማ አየች። ከንፈሯን መጠጠች። «ወይኔ፣ አንጀት ይበላሉ» አለችና እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ከኔ ጋር የተስማማች መስሎኝ እጇን ያዝኳት። «አዎ፣ ንገሪው» አልኳት። አቅፋ ሳመችኝና ሜትሩን እንኳ ሳትወስድ ሄደች።

የአባባ ታላቅ ወንድም በየሳምንቱ ይመጣል። ጋሼ ነው የምለው። ብስኩት ሳይዝ አይመጣም፣ ሲናገር ደግሞ እንደ አባባ አይጮህም። ጋራዡ ጥግ ላይ ሞተሩ የወጣለት ባዶ መኪና ነበር፤ የኔ ቤት እሱ ነው። አንድ ቀን እዚያ ውስጥ ብስኩቴን እየበላሁ እነሱ ከውጭ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ሐኪሙ ምን አለህ?» አለ ጋሼ።

«ያው ነው።»

«ያው ምን?»

«መጀመሪያ እጅ ነው፣ ከዚያ ወደ ላይ እየወጣ ይሄዳል ነው ያለው። ደረት ሲደርስ ያልቃል።»

ምን እንደሚያልቅ አልገባኝም። «ጋራዡን የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ» አለ ጋሼ። «እሷንም ልጅቷንም እኔ ቤት እወስዳቸዋለሁ። ክፍል አለ። አንድ ነገር አይጎድልባቸውም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን አስቸገረህ? ለምን እሷን ታሰቃያታለህ?»

«ወንድሜ፣ አንተን አላማሁህም። ግን ሚስቴ በሰው ማጀት እንግዳ ሆና እንድታረጅ አልፈልግም። በራሷ በር ትግባ፣ በራሷ በር ትውጣ።»

«የወንድምህ ቤት የሰው ቤት ሆነ?»

«ለእሷ ነዋ። አንተም ታውቀዋለህ።»

ጋሼ ተናደደ። «እና ሴት ልጅ ብቻዋን ሞተር አውርዳ ልትሰቅል ነው?»

«ስማኝ» አለ አባባ፤ «አንድ ቴስታታ ብቻዋን ፈታ ትገጥማለች። አንተ ቆመህ ታያለህ። መኪናው ከተነሳ ይሄን የመሸጥ ወሬ ሁለተኛ አታነሳም። ካልተነሳ ግን አንተ ያልከው ይሁን፤ ሽጠው፣ ውሰዳቸው።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ብስኩቱ አፌ ውስጥ ቀረ። ከነገሩ ሁሉ የገባኝ ይሄ ብቻ ነው፤ መኪናው ካልተነሳ እማ ከዚህ ብረት ትገላገላለች፣ ጋሼ ቤት ሄደን እንኖራለን። የጋሼ ቤት ደረጃ አለው፤ ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ ደግሞ በጣም እወድ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸሎቴ አንድ ሆነ፣ መኪናው እንዳይነሳ። ልመናዬን ሲሰማ ምን እንዳለ እግዜር ይወቅ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ አባባ ውስጥ ጋደም ብሏል። እኔ ባዶ መኪናዬ ውስጥ ነኝ። እማ ብቻዋን ወደ ጋራዡ ገባች። ወደ ኋላ፣ ወደ በሩ አየች። ብረቱን አንስታ ቴስታታው ላይ አሰረችው። ያኔ ገና አጭር ነበር፣ የባሌስትራው ቁራጭ ብቻ። በአንድ እጇ፣ እደግመዋለሁ፣ በአንድ እጇ ተጫነችው። ቀጭ! ሞላው ቁጭ አለ። በሌላኛው እጇ መንታዎቹን አወጣች፣ ግራሶ ቀብታ መልሳ አስገባች፣ ለቀቀችው። ወደሚቀጥለው ሄደች። ቀጭ! ከንፈሯን እንኳ አልነከሰችም። ሁሉንም ጨርሳ ቀና ስትል ዐይን ለዐይን ተጋጠምን። ደነገጠች። ከዚያ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ከሰዓት በኋላ አባባ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና «እስኪ አሳዪኝ» አላት። እማ ያንኑ ብረት በሁለት እጇ ያዘች። ፊቷን አጨማደደች፣ ቃተተች፣ ዘንጉ ግማሽ መንገድ ወርዶ ቆመ። «ኧረ አልቻልኩትም» አለች። «ከብዶኛል።» የሌለ ላብ ከግንባሯ ጠረገች።

እኔ መኪናዬ ውስጥ ሳቄን ለመያዝ አፌን አፍኛለሁ። ገባኝ! እማ ሥራውን ጠልታ አቅም ያጣች መስላ እያሞኘችው ነው። የኔ እናት እንዲህ ያለች ተንኮለኛ መሆኗን አላውቅም ነበር፣ ኮራሁባት።

አባባ ተነስቶ መጣ። «ዞር በይ» አላትና ራሱ በቀኝ እጁ ተጫነው። ዘንጉ ትንሽ ወረደ። ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ፤ ዘንጉ አልወርድ አለ። ለቀቀውና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«እውነትሽን ነው» አለ። «እኔን ከከበደኝ አንቺን እንዴት አይከብድሽ? ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እጀታው አጥሯል።»

«ትንሽ ቢረዝም ነው የሚሻለው» አለች እማ።

ዛሬ መሣሪያውን በየቀኑ እይዘዋለሁና ልንገራችሁ። እጀታው አላጠረም ነበር። የመጀመሪያው ልክ ለአንዲት ቀጭን ሴት ክንድ ተለክቶ የተሠራ፣ እንከን የማይወጣለት ነበር። አባባ ግን ብረቱን የሚፈትነው በራሱ ክንድ ነው፤ ክንዱ ደግሞ በየሳምንቱ እየከዳው ነው። እማ «እኔን አልከበደኝም» ብትለው፣ የከበደው እሱን ብቻ ሊሆን ነው። በሽታውንማ ያውቀዋል፤ ሐኪሙ ነግሮታል። ግን ሐኪም የነገረህን ማወቅና ሚስትህ በጉልበት ስትበልጥህ ፊት ለፊት ቆሞ ማየት አንድ አይደለም። ጥፋቱ የብረቱ እስከሆነ ድረስ አባባ የሚሠራው ነገር አለው።

ደግሞም ደስ አለው። ቱቦ ፈልጎ ሲቀጥልበት፣ የብየዳው ብርሃን ግድግዳው ላይ ሲንቦገቦግ፣ እንደ ድሮው ያፏጭ ነበር። ሲጨርስ እማ ተጫነችው፣ «አሁን ቀለለኝ» አለችው። ጥቂት ቀናት ቆይቶ አባባ ራሱ ጫፉን ይዞ ሲሞክረው እንደገና ከበደው። እማም እንደገና ቃተተች። እኔም መኪናዬ ውስጥ እንደገና ሳቄን አፈንኩ።

ሁለተኛው ቅጥያ ግን ሳቄን አጠፋው። አባባ ብረት ሲያጣ ጓሮ ሄዶ የዥዋዥዌዬን አግዳሚ ቆርጦ አመጣ። ራሱ የሠራልኝ ዥዋዥዌ ነበር። ልቤ ስንጥቅ አለ። መሬት ላይ ተንከባለልኩ፣ አለቀስኩ፣ «አንተ ለምን አትሠራም? ለምን እማን ታሠራታለህ? ለምን የኔን ትቆርጣለህ?» ብዬ ጮህኩበት። እማ «ዝም በይ!» ብላ ወደኔ ስትመጣ በእጁ መለሳት።

«ልክ ናት፣ ተያት» አላት። ከዚያ መሬቱ ላይ አጠገቤ ለመቀመጥ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። «ሚጣዬ፣ ሰነፍ ሆኜ ነው» አለኝ። «አባትሽ ሰነፍ ሆኗል። አንቺ ግን እንዳትሰንፊ፣ እሺ?»

አመነ አልኩ። ስንፍናውን አመነ! ከእንግዲህ ይነሳል ብዬ ጠበቅኩ።

ሦስተኛውን ቅጥያ የበየደችው እማ ናት። አባባ ከኋላዋ ቆሞ እጁን እጇ ላይ ጭኖ ነበር፤ ማን ማንን እንደያዘ አይታወቅም። ሦስቱም ብየዳዎች ዛሬ ድረስ ይታያሉ። የመጀመሪያው በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ሁለተኛው የተንጋደደ ነው። ሦስተኛው ጎርበጥባጣ የጀማሪ ሥራ ነው፤ እሱ ነው ከሁሉም የጠነከረው።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት እማ ገበያ ሄዳ ሳለ አባባ ጠራኝ። ወንበሩ ላይ ሆኖ ብረቱን ጭኑ ላይ አጋድሞታል። ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቀደደ ረጅም ጥብጣብ ይዟል።

«ሚጣ፣ ይሄን ጫፍ ያዥልኝ። እጀታው እንዳያንሸራትት ጎማ እንጠቅልልለት።»

አኩርፌው ነበር፤ ግን ያዝኩለት። እሱ ብረቱን በጉልበቱ እያሽከረከረ፣ በጣቶቹ ሳይሆን በመዳፉ እየተጫነ፣ ጎማውን ዙሪያውን ጠቀለለው። ላቡ አፍንጫው ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። የጠቀለለው ግን ሩቁ ጫፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚይዝበት ቦታ አልነበረም። ከመጀመሪያው ብየዳ ወዲህ፣ አጭሩ ባሌስትራ ላይ ነበር።

«አባባ፣ ተሳስተሃል» አልኩት። «የሚያዘው እዚያ ጋ ነው። ጫፉ ላይ።»

ጎማው ላይ እንዳቀረቀረ ፈገግ አለ። «ውይ፣ እውነትሽን ነው» አለ። «ተሳስቻለሁ። በቃ ይሁን፣ አሁን ተጠቅልሏል።»

እማ ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን በር ላይ አስቀምጣ ብረቱን አየችው። ወደ አባባ አየች። አባባ የተኛ መስሏል። መዳፏን ጎማው ላይ አሳረፈችው፤ ጣቶቿ ልክ ገቡበት። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣች። ተከትያት ስሄድ አግዳሚ በሌለው ዥዋዥዌ ሥር ቆማ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች። አባባ በመሳሳቱ ተናዳ መሰለኝ። «አትቆጪው፣ ሰነፍ ስለሆነ ነው» አልኳት።

የፈተናው ቀን መጣ። መኪናው የዳቦ አከፋፋዩ ነበር፤ ሰውየውን፣ ጥሩምባ ሳይነፋ አንድ መታጠፊያ ስለማያልፍ፣ «ጥሩምባ» ነው የምንለው። «ጌታው፣ መኪናዬ ለሚስትዎ የተሰጠ ነው፤ ብታፈነዳውም አልከስም» አለ። ጋሼ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ግድግዳው ጋ ቆመ። አባባ ወንበሩ ላይ ብርድ ልብስ ለብሷል፤ ከሰሞኑ ድምፁም እየሳሳ ነበር።

እማ ቴስታታውን አወረደች። ቫልቮቹን ማውጣት ስትጀምር ብረቱን አነሳች፣ አሰረችው። እጇ ሳታስበው ወደ ጎማው ሄደ። ከዚያ ቆመች። አባባን አየችው። እጇን ከጎማው ላይ አነሳች፣ ዘንጉን ተከትላ ሄደች፣ ሄደች፣ ሦስቱንም ብየዳ አልፋ ጫፉ ላይ ደረሰች። እዚያ በሁለት እጇ ያዘችና ተጫነች። ቀጭ!

«ቀለለሽ?» አለ አባባ።

«አሁን ቀለለኝ» አለች እማ።

ለእያንዳንዱ ሞላ እንዲያ አደረገች። እስከ ጫፉ ትሄዳለች፣ ትጫናለች፣ ተመልሳ መጥታ መንታዎቹን ታወጣለች፣ እንደገና ትሄዳለች። ጋሼ ሰዓቱን አየ። እኔ በልቤ «ጎማውን ረሳችው፣ ሞኝ» እላለሁ። ስትገጥም ደግሞ አንደኛው መንታ ተፈናጥሮ ጠፋ። ጥሩምባም ጋሼም ለመፈለግ ጎንበስ ሲሉ አባባ «ማንም እንዳይነካ! ብቻዋን ነው!» አለ፤ ያ ድምፁ ከየት እንደመጣ አላውቅም። እማ አልዳኸችም። ቱታዋን ነቀነቀች፤ ከታጠፈው እጅጌዋ ውስጥ ጠብ አለ። አባባ ሳቀ። «አፍስሳ ለቀመች» አለ፣ ለራሱ ያህል።

ገጠመች። አጠበቀች። ጥሩምባ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንዴ አጓራ፣ ዝም አለ። እኔ ዐይኔን ጨፍኜ «እንዳይነሳ፣ እንዳይነሳ» እላለሁ። እንደገና አዞረው፤ ተነሳ። ከውስጥ ብርጭቆዎቻችን ሲንቀጠቀጡ ሰማሁ። ጥሩምባ ጥሩምባውን ለቀቀው፣ ሰፈሩ ተሸበረ። ጋሼ መሃረቡን አውጥቶ ፊቱን ሸፈነ። ከዚያ ወደ እማ ሄዶ ዘይት የነካ እጇን ጨበጠ። «ሁለተኛ አላነሳም» አላት።

እኔ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ደረጃው ቀረ፣ እማ ከዚህ ብረት ጋር ልትቀር ነው ብዬ አለቀስኩ። አባባ አየኝ። በደስታ የማለቅስ መሰለው። «ነይ» አለኝ። ሄድኩ። ክንዱ ሊያቅፈኝ አልተነሳለትም፤ አገጩን አናቴ ላይ አሳረፈ። «አየሽ እናትሽን?» አለኝ። «አየሻት?» ትንፋሹ ጸጉሬ ውስጥ ይሞቃል።

ብዙም አልቆየም። በሽታው ደረቱ ደረሰ። እኔ ሰው ቤታችንን ሲሞላ፣ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሳየው እንኳ፣ ስንፍናው አልፎለት ወደ ሥራ የሄደ ነበር የመሰለኝ። የት ነው የሚሠራው ብዬ ጋሼን ጠየቅኩት። ጋሼ ያን ቀን ብስኩት እንኳ አልያዘም ነበር።

ሥራውን ከእማ የተማርኩት ኮረዳ ሳለሁ ነው። የመጀመሪያ ቀን ብረቱን አንስቼ ስይዘው እጄ ያለ ማንም መሪ ጎማው ላይ ገባ። ተጫንኩት፤ እንደ ቅቤ ወረደ። ቀና ብዬ ቀሪውን ዘንግ አየሁት፤ የባሌስትራውን ጫፍ፣ የዥዋዥዌዬን አግዳሚ፣ ሦስቱን ብየዳ። ያን ጊዜ ነው ያ ጠዋት የተመለሰልኝ። አባባ አልተሳሳተም ነበር። እማ በየት በኩል ይዛ እንደምትጫን ያውቅ ነበር፤ በሩ ክፍት ሆኖ አይቷት ይሁን የብረቱን ቀጭታ ሰምቶ፣ እንዴት እንዳወቀ እስከ ዛሬ አላውቅም። የምትይዝበትን ቦታ አመቻችቶላት ነው የሄደው። ባዶ መኪናው ጋ ሄጄ ተቀመጥኩ።

እማ እጇን ልትታጠብ መጣች።

«እማ» አልኳት፣ «አባባ ያውቅ ነበር።»

ስለ ምን እንደማወራ አልጠየቀችኝም። ሳሙናውን በእጇ አሽከረከረች። «ጎማውን የጠቀለለ ቀን ገባኝ» አለች።

«ታዲያ በፈተናው ቀን ለምን ጫፉን ያዝሽ? ካወቀ፣ ካወቅሽ፣ ለምን ማስመሰሉን አልተውሽም?»

ውሃው በጣቶቿ መሃል ጥቁር ሆኖ እየወረደ ነበር። ነጣ እስኪል ድረስ ጠበቀች።

«እሱስ መቼ ተወ?» አለችኝ። «‹ቀለለሽ?› አላለኝም?»

ዛሬ እማ አርጅታለች። ጋራዡ በር ላይ፣ በዚያው ወንበር ተቀምጣ የሚገባ የሚወጣውን ትሳደባለች። ጎማው ሲያልቅ ጥብጣቡን ቀድጄ እሰጣታለሁ፣ ጭኗ ላይ አጋድማ ትጠቀልለዋለች፤ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ፣ ከመጀመሪያው ብየዳ ወዲህ። ያ ጎረምሳ ሾፌር የሄደ ዕለት ጩኸቴን ሰምታ ኖሮ «ምን አለሽ?» አለችኝ።

«ግማሹ ትርፍ ነው፣ ልቁረጠው አለኝ።»

ብረቱን ከግድግዳው እንዳወርድላት በእጇ ጠቆመችኝ። ጭኗ ላይ አደረግኩላት። ጎማውን አልነካችም። እጇን ዘንጉ ላይ እየጎተተች እስከ ጫፉ ሄደች፤ ማንም የማይይዘውን፣ ዝገት የጀማመረውን ጫፍ በመዳፏ ጨበጠች።

ትንሽ ቆይታ «ዘይት አምጪና ይሄን ጥረጊው» አለችኝ። «አባትሽ የያዘበት ነው።»